ሶፋችን ግራጫ ነው

ቡፌ ድሮ የቤቱ ሹም ነበር። መስታወቱ ውስጥ ብርጭቆዎች ዳንቴል ላይ ተሰልፈው ይቆማሉ። ታዲያ ለመጠጫ እንዳይመስላችሁ። ጳጳስ ካልመጣ በቀር ለእንግዳም አይወጡም። እናት ለፋሲካ አውጥታ፣ አጥባ፣ አድርቃ፣ መልሳ ትቆልፍባቸዋለች። እኛ ጠላውን በጣሳ እንጠጣለን።

አሁን ቡፌ ተሽሯል። ባሕር ዳር ላይ አዲስ ቤት የሠራ ሰው የሚያስገባው የቲቪ ስታንድ ነው። ጣሪያው ጂፕሰም፣ ጂፕሰሙ ውስጥ ሰማያዊ መብራት፣ ግድግዳው ላይ የላስቲክ ሣር። (ክረምት በገባ ቁጥር ግቢው እስከ ጉልበት ሣር የሚያበቅል አገር ውስጥ ሣር በካሬ መግዛት፣ ጥጋብ ነው።) ዲዛይኑ የሚቀዳው ከቲክቶክ ነው። ምን ከዚያ ያልተቀዳ አለ? የገበሬው አረንጓዴ ቁምጣ እንኳ በዘፈን ክሊፕ ዞሮ መጥቶ የሚዜ ልብስ ሆኗል። አባቱ በቁምጣ ከተማ ሲመጣበት ያፈረ ልጅ፣ ዛሬ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ጉልበቱን አውጥቶ፣ ዱላ ይዞ ፎቶ ይነሳል።

ወደ ቤቱ ልመለስ። ቲክቶክ ላይ ያሉት ቤቶች መደርደሪያቸው ላይ መጽሐፍ አለ። ስለዚህ መጽሐፍ መገዛት አለበት። አንድ መጽሐፍ ቤት ውስጥ ይህን የሰማሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

"መጽሐፍ ፈልጌ ነበር።"

"ምን ዓይነት፣ እትዬ? ልብ ወለድ? ታሪክ? መንፈሳዊ?"

"ወፈር ወፈር ያለ ይሁን። ሶፋችን ግራጫ ነው።"

ሻጩ አልደነገጠም። እንዲህ ያለ ደንበኛ ለምዷል ማለት ነው። መሰላል ላይ ወጥቶ ሁለት ግራጫና አንድ ነጭ አወረደ። ከግራጫዎቹ አንዱ የሒሳብ አያያዝ መማሪያ ነው። ወይዘሮዋ በስንዝር ለኩት፤ በቃቸው። ሌላኛውን ግን ገፋ አደረጉት።

"ይሄ መሃሉ ላይ ቀይ ነገር አለበት።"

ቀዩ ነገር የደራሲው ስም ነው።

"እንግዲያው ፍቅር እስከ መቃብርን ልስጥዎ?"

"እሱንማ አውቀዋለሁ!"

እዚህ ላይ እውነታቸውን ነው። ጎጃም ውስጥ ፍቅር እስከ መቃብርን አላውቅም የሚል ሰው አይገኝም። ሐዲስ ዓለማየሁ የደብረ ማርቆስ አካባቢ ሰው ናቸው፤ እንዶዳም ነው የተወለዱት። በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነው። እንግዲህ ዘመዳችን ነው፤ የዘመድ ታሪክ ደግሞ ቁጭ ተብሎ አይነበብም። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከልንና ገላገለን። ከዚያ ወዲህ ካፌ ውስጥ ትንሽ ለየት ያለ ነገር የተናገረ ሁሉ ጉዱ ካሳ ይባላል። ማኪያቶው ቀዝቅዟል ያለ ሰው ጉዱ ካሳ ተብሎ ሲሳቅበት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጉዱ ካሳ የተናገረው ስለ ማኪያቶ ቢሆን ኖሮ ሰባት ገጽ ይበቃው ነበር። መጽሐፉ ግን ከ500 ገጽ በላይ ነው። ለቲቪ ስታንድ ከዚህ የተሻለ ውፍረት ከየት ይመጣል?

መጽሐፍ ቤቶቹ ራሳቸው በመጽሐፍ አይኖሩም። ኪራዩን የሚከፍለው ፎቶ ኮፒው ነው። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የስጦታ ወረቀት፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ጥያቄዎች ከፊት ይቀመጣሉ። ልብ ወለዱ ከኋላ፣ ከካርቶን ጀርባ ነው። እዚያ ጥግ ሁልጊዜ የሚቆም ተማሪ አይጠፋም። ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ፣ ዋጋ የሚጠይቅ መስሎ ያነባል። የመጽሐፍ ዋጋ ለማየት ግማሽ ሰዓት እንደማይፈጅ ሻጩም ያውቃል፤ ዝም ይላል። እንደኔ ከሆነ ከተማው ውስጥ ከቀሩት ጨዋ ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

ወይዘሮዋ ዓይናቸው እዚያው ጥግ ላይ አረፈ። ከካርቶኑ በላይ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ለብቻው ተቀምጧል። ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ነው፤ የደራሲው ስም እንኳ ጥቁር። ውስጡ የባጃጅ ደረሰኝ ተሰክቷል።

"ያውልህ! እሱን ነው የምፈልገው!"

"እሱ ተይዟል፣ እትዬ።"

"ማን ያዘው?"

"አንድ ተማሪ። ከሰዓት ከሰዓት እየመጣ ያነበዋል። ግማሽ ደርሷል።"

"ቀብድ ከፍሏል?"

"አልከፈለም።"

"ታዲያ ሲጨርስ ይገዛዋላ?"

ሻጩ ሳቀ። "ካነበበውማ በኋላ ምን ያደርግለታል?"

ወይዘሮዋ ትንሽ አሰቡ። ቦርሳቸውን ከፈቱ።

"እንግዲያው ሲጨርስ ደውልልኝ" አሉ። "እንዳያቆሽሸው ብቻ ንገረው።"