እርማት፦ ኮተንማውዝ ሰው አያሳድድም

በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ረግረጎች የሚኖረው ኮተንማውዝ የተባለው መርዘኛ እባብ «ሰው ካየ እያሳደደ ይነድፋል» ብለው ጽፈዋል። ብዙዎች የሚያምኑት ወሬ ስለሆነ አልፈርድብዎትም፤ ግን በዚህ ወሬ ሰበብ ስንቱ እባብ በዱላ እንደሚቀጠቀጥ ሳስብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ይህ እባብ ሲደነግጥ ወይ ይሸሻል፣ ወይ ባለበት ተጠቅልሎ ጅራቱን እያንቀጠቀጠ አፉን በሰፊው ይከፍታል። የአፉ ውስጥ እንደ ጥጥ ነጭ ነው፤ ስሙም «ጥጥ አፍ» ማለት ነው። ይህ «አትቅረበኝ» የሚል ማስጠንቀቂያ እንጂ ጥቃት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት፣ በሰው ሠራሽ እጅ ከተነሡ 36 ኮተንማውዞች የነከሱት 13 ብቻ ነበሩ። ተይዘው ተነሥተው እንኳ! «አሳደደኝ» የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የቆመው እባቡ ወደ ውኃው በሚያመልጥበት መንገድ ላይ ነው።

«ውኃ ውስጥ አይነክስም» የሚባለውም ሐሰት ነው፤ ዓሣ አዳኝ እኮ ነው።

ደግሞ ውኃ ላይ የታየ እባብ ሁሉ ኮተንማውዝ አይደለም። እርሱ ሲዋኝ አብዛኛው ገላው ከላይ ተንሳፍፎ ይታያል፤ መርዝ የሌላቸው የውኃ እባቦች ግን አብዛኛውን ገላቸውን ውኃው ይሸፍነዋል። በዓይኑና በአፍንጫው መካከል ሙቀት የሚለይበት ትንሽ ጉድጓድ አለው፤ የግልገሉ ጅራት ጫፍ ደግሞ ቢጫ ነው፣ እንደ ትል እያወዛወዘ እንቁራሪት ያማልልበታል። ይህን ለማየት ብለው ግን አይጠጉ፤ መርዙ ሥጋን ክፉኛ ይጎዳል፣ የተነደፈም ሰው ሳይዘገይ ሆስፒታል መድረስ አለበት።