መድኃኒት ፋብሪካ የገባ ሶፍትዌር ምንነቱ ሊሸፋፈን አይገባም

የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ለአስተያየት ያወጣው፣ የመልካም የመድኃኒት አመራረት መመሪያው አካል የሆነው የአባሪ 22 ረቂቅ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በመድኃኒት ምርት ውስጥ የት ሊገባ እንደሚችልና የት እንደማይችል ወስኗል። ከሥልጠናው በኋላ የማይለወጠውን ሞዴል እየሠራ ከሚማረው ይለያል። ለአንድ ዓይነት ግብዓት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጠውን ደግሞ መልሱ ከሚቀያየረው ይለያል። የሕሙማንን ደኅንነት፣ የምርቱን ጥራት ወይም የመረጃን ተአማኒነት በቀጥታ ለሚነካ ሥራ የፈቀደው የማይለወጠውንና መልሱ የማይቀያየረውን ብቻ ነው። አዲስ ጽሑፍና ምስል የሚፈጥሩ አመንጪ ሞዴሎችና ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ከእንዲህ ያለው ሥራ ውጭ ሆነዋል። ከዚያ ወዲህ ከአንዳንድ ሶፍትዌር ሻጮችና አማካሪዎች አንድ ቅሬታ ሲደጋገም እሰማለሁ፦ ተቆጣጣሪዎች በስያሜና በትርጓሜ ተጠምደው ፈጠራን እያነቁ ነው፤ ሥርዓቱ እስከሠራ ድረስ ምንም ተብሎ ቢጠራ ለውጥ የለውም ይላሉ። ይህ ክርክር አናድዶኛል፤ ምክንያቴንም እናገራለሁ።

«እስከሠራ ድረስ» የምትለው ሐረግ የቅሬታው ምሰሶ ናት፤ ቅሬታው የሚወድቀውም በእርሷ ነው። መሥራቱን ማን አየ? በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት በሺዎች በሚቆጠሩ ብልቃጦች ከተሞላ በኋላ፣ ከጀርም ነፃ ለመሆኑ በተለመደው የፋርማኮፒያ (የመድኃኒት ደረጃ መጽሐፍ) ፈተና የሚመረመሩት ብልቃጦች 20 ያህል ናቸው። የተመረመረው ተከፍቷልና ለማንም አይሰጥም፤ በሕመምተኛው ደም ሥር የሚገባው ማንም ያልከፈተው ብልቃጥ ነው። ሙያው በሙሉ የቆመው በዚህ እውነት ላይ ነው። ጥራት በመጨረሻው ፈተና አይገኝምና ሂደቱ ራሱ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። በዚህ ቤት «ይሠራል» የሚባለው ሥርዓቱ ምን እንዲሠራ እንደታሰበ፣ በምን ሁኔታ እንደሚሳሳት፣ ማን እንደፈተነውና በምን መለኪያ እንዳለፈ በጽሑፍ ሲገኝ ነው። ያ ጽሑፍ የሚጀምረው ደግሞ የተገዛው ዕቃ ምን ዓይነት እንደሆነ ከመናገር ነው። ስሙ ካልጠራ ምን ተፈትኖ አለፈ ሊባል ነው?

«ዲጂታል መንትያ» የሚለውን ስም እንመልከት። ዛሬ ይህን ስም ያልለጠፈ የማምረቻ ሶፍትዌር ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። ሐሳቡን ማይክል ግሪቭስ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን፣ ስሙ የመጣው በ2010 አካባቢ ከናሳው ባለሙያ ከጆን ቪከርስ ነው። ሐሳቡ ጥብቅ ነበር። አንድ በእጅ የሚዳሰስ ዕቃ አለ፤ በኮምፒውተር ውስጥ አምሳያው አለ፤ በሁለቱ መካከል መረጃ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ተመራማሪዎች ቆየት ብለው ነገሩን በሦስት ደረጃ ከፈሉት። መረጃው በሰው እጅ የሚገባለት ተራ ሞዴል ነው። ከመሣሪያው ወደ ኮምፒውተሩ ብቻ በራሱ የሚፈስስለት ጥላ ነው። በሁለቱም አቅጣጫ በራሱ የሚመላለስለት ግን መንትያ ነው። ይህን ልዩነት የቃላት ጨዋታ የሚሉ ሰዎች በማምረቻ ክፍል ውስጥ ቆመው አስበውበት የሚያውቁ አይመስለኝም።

ሕያው ሕዋሳት የሚባዙበት ጋን፣ ባዮሪአክተር፣ በሥራ ላይ ነው እንበል። ሙቀቱ፣ ፒኤቹ (የአሲድነቱ መጠን)፣ የሟሟው ኦክስጅን፣ የግሉኮሱ መጠን በየጊዜው ይለካል። ሶፍትዌሩ እነዚህን አይቶ ግሉኮሱ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ከሚፈለገው በታች እንደሚወርድ ይተነብያል። የተገዛው ጥላ ከሆነ ትንበያው በስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ምግቡን የሚጨምረው ግን ባለሙያው ነው፤ በባች (በአንድ ዙር ምርት) መዝገቡ ላይ የሚሰፍረውም የባለሙያው ፊርማ ነው። የተገዛው መንትያ ከሆነ ሶፍትዌሩ ራሱ ፓምፑን ያስነሣል። ጥላው ቢሳሳት የተበላሸው ምክር ነው፤ ባለሙያው አይቶ ሊጥለው ይችላል። መንትያው ቢሳሳት ግን ሕዋሳቱ የሚበሉት ተቀይሯል፤ ሕዋሳቱ የሚያመርቱት ፕሮቲንም አብሮ ሊቀየር ይችላል፤ ያንን በዓይን የሚያይ የለም። ለመጀመሪያው የሚያስፈልገው ፈተና ለሁለተኛው ከሚያስፈልገው ጋር ጨርሶ አይገናኝም። የሚጠየቀው ሰው ይለያያል፤ ብልሽት ሲደርስ የሚወሰደው እርምጃ ይለያያል፤ ተቆጣጣሪው ሲመጣ የሚቀርበው ሰነድ ይለያያል። ሻጩ ግን ሁለቱንም በአንድ ስም ይሸጣቸዋል።

ውጤቱን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የጥራት ኃላፊዋ «መንትያ» የሚለውን በሰነዱ ላይ አንብባ የመቆጣጠሪያው ዑደት በሙሉ ተፈትኗል ብላ ታምናለች። መሐንዲሱ ዕቃው የሚያሳየው ግራፍ ብቻ እንደሆነ ያውቃልና ሊፈተን የሚገባው ነገር አይታየውም። የሌሊቱ ተረኛ ደግሞ ፓምፑ በራሱ ጊዜ ይነሣል ብሎ ይጠብቃል። ሦስቱም ስለ አንድ መሣሪያ እየተነጋገሩ ነው፤ ሦስቱም በቅንነት እየሠሩ ነው፤ ምርቱ ግን ይበላሻል። ከዚህ የከፋም አለ። ለማሳያ ብቻ የተገዛው ሥርዓት በአንድ የሶፍትዌር ማሻሻያ ወደ መሣሪያው ትእዛዝ የሚልክበት የመመለሻው መስመር ይከፈትለታል። ስሙ ግን ቀድሞውኑ «መንትያ» ነበርና በመዝገቡ ላይ የሚለወጥ ቃል የለም፤ ስለዚህ የለውጥ ቁጥጥር ቅጽ የሚሞላ ሰው አይነሣም። ያልተፈተነ ማሽን መድኃኒት ማምረት የሚጀምረው እንዲህ ነው። ይህን እያወቀ «ስሙ ምን ያደርጋል» የሚል ሻጭ ከደንበኛው ላይ ዋስትናውን እየነጠቀው ነው።

«በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ» የሚለው መለያም ከዚህ አይሻልም። ብልቃጥ ውስጥ ባዕድ ቅንጣት መኖር አለመኖሩን በካሜራ የሚለይ ሞዴል ተሠልጥኖ፣ ተፈትኖ፣ ከዚያ ከተቆለፈ ምን እንደሆነ እናውቃለን። በየቀኑ ከሚያየው እየተማረ የሚለወጥ ከሆነ ግን ሰኞ የፈተንነው ማሽን ዓርብ የለም፤ በቦታው የተተካውን ማንም አልፈተነውም። አባሪ 22 ይህን መስመር ማስመሩ ሊያስመሰግነው ሲገባ ኋላ ቀር አስባለው። ረቂቁ መፈተኛው መረጃ ከማሠልጠኛው የተለየ እንዲሆን፣ ሞዴሉም ከሚተካው አሠራር ያነሰ ብቃት እንዳይኖረው ይጠይቃል። ይህንን ማሟላት ያልቻለ ሞዴል መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ ምን ይሠራል?

ማሽኑ ከሰው የተሻለ ያያል የሚሉ አሉ። የሚያየው የተማረውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሄፓሪን የተባለው ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት ጥሬ ዕቃው ሄፓሪን በሚመስል ሌላ ንጥረ ነገር ተበርዞ ነበር፤ በአሜሪካ ሰዎች ሞቱ። ብርዘቱ በጊዜው የነበሩትን መደበኛ ፈተናዎች አልፎ ሄደ፤ ፈተናዎቹ እንዲህ ያለውን ነገር እንዲፈልጉ አልተሠሩምና። ነገሩ የተጋለጠው ሰዎች በሕሙማን ላይ የታየውን ተከትለው፣ ጥያቄውን ቀይረው፣ በሌላ ዘዴ ሲመረምሩ ነው። ባለፉት መልካም ባቾች ላይ የሠለጠነ ሞዴልም በዚያው ወጥመድ ይወድቃል፤ ያውም በሙሉ ልብ። ረቂቁ የሞዴሉ የእርግጠኝነት ደረጃ ዝቅ ሲል «አልተወሰነም» ብሎ ምልክት ማድረግ እንዲታሰብበት ማለቱ ትንሽ ነገር ይመስላል። ለእኔ ግን ከሰነዱ ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው።

«ሰው በመካከሉ አለ» የሚለው ማባበያም ሊመረመር ይገባል። ያ ሰው በአንድ ፈረቃ ምን ያህል ውሳኔ ያጸድቃል? ማሽኑን ለመቃወም የሚያስችል ዕውቀትና ሥልጣን አለው? በችኮላ «እስማማለሁ» የሚለውን እየተጫነ ከዋለ ያ ሰው ፊርማ አቅራቢ ነው እንጂ መርማሪ አይደለም። ሰው አለ ለማለት ምን እንዳየና ለምን እንዳጸደቀ በመዝገብ መገኘት አለበት።

መዝገብን ካነሣን፣ «ከወረቀት ነፃ ፋብሪካ» የሚለው መፈክርም ያሳስበኛል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደንብ ክፍል 11 እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲመዘግብ፣ የቀድሞውም መረጃ እንዳይሸፈን ያዛል። ወረቀቱ ጠፍቶ አምስት ሰው በአንድ የይለፍ ቃል የሚገባ ከሆነ ግን ኤሌክትሮኒክ ፊርማ የሚባል ነገር የለም። የመረጃ ተአማኒነት ጥያቄ የቢሮክራቶች ፈጠራ እንዳልሆነ የሕንዱ መድኃኒት አምራች ራንባክሲ ያስታውሰናል፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ጥፋቱን አምኖ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ሲስማማ፣ ከክሶቹ መካከል ለተቆጣጣሪው ሐሰተኛ መግለጫ መስጠት ይገኝበታል። «የተገናኘ ፋብሪካ» የሚሉትም እ.ኤ.አ. በ2017 ኖትፔትያ የተባለው የኮምፒውተር ጥቃት የአሜሪካውን መድኃኒት አምራች ሜርክን ሲመታ የሆነውን ያስቡ። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው የጋርዳሲል ክትባት ምርት ተስተጓጉሎ ኩባንያው ከአሜሪካ መንግሥት የመጠባበቂያ ክምችት ተበድሯል። ምን ከምን ጋር እንደተገናኘ በትክክል ሳይጠራ መገናኘትን ብቻ እንደ በጎነት መሸጥ አደገኛ ነው።

የቋንቋ ሞዴል የሥልጠና ጽሑፍ ቢያረቅ፣ የረዘመ ሪፖርት ቢያሳጥር አልቃወምም። ረቂቁም ወሳኝ ባልሆነ ሥራ ላይ፣ ብቃት ያለው ሰው ውጤቱን እስከተቆጣጠረ ድረስ በሩን አልዘጋም። ከዚህ በላይ ግን አንድ እርምጃ መስጠት አልፈልግም።

ገዢዎች ጉልበቱ በእጃቸው ነው። ሻጩ ሥርዓቱ ወደ መሣሪያው ትእዛዝ ይልክ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ሞዴሉ ከተረከቡት በኋላ ይለወጥ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ለአንድ ግብዓት ሁለት ጊዜ ተጠይቆ አንድ መልስ ይሰጥ እንደሆነና እንዳልሆነ በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ማናቸውም ማሻሻያ ከእነዚህ መልሶች አንዱን የሚለውጥ ከሆነ፣ ፋብሪካው በጽሑፍ ሳያጸድቅ እንዳይጫን በዚያው ውል ይከልከል። ይህን ለመፈረም የሚያቅማማ ሻጭ የሚሸጠውን አያውቀውም፤ ወይም አውቆ መናገር አልፈለገም። በሁለቱም ምክንያት ወደ ማምረቻው ክፍል መግባት የለበትም።