«ለልጅህ ነው?» አለኝ

አሁን ከመኪና መውረዴ ነው። ጃኬቴን እንኳ አላወለቅኩም። ባለቤቴ «መጀመሪያ ምሳህን ብላ» ትለኛለች። አልበላም። ይሄን ካልተነፈስኩት እህል በጉሮሮዬ አይወርድም።

ለትንሿ የውድድር መኪና ሞዴሌ ያዘዝኳትን የሬዚን ዕቃ ታስታውሷታላችሁ፣ ሻጋታ ውስጥ ፈስሶ የሚጠጥረውን ፕላስቲክ። አምስት ወር የጠበቅኳትን። ባለፈው ሳምንት «በመጨረሻ ደረሰች» ብዬ የሳጥኑን ፎቶ የለጠፍኩላችሁ። ስንቶቻችሁ «እንኳን ደስ አለህ» ብላችሁኛል። ውስጡን ግን አላሳየኋችሁም። 65 ዶላር ከፍዬበት፣ ስከፍተው ልቤ ቁርጥ አለ።

ሻንሲውን፣ የመኪናውን የሥር አጽም፣ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀመጥኩት። ሦስቱ ማዕዘን ነካ። የፊት ቀኙ አየር ላይ ቀረ። ለካሁት፣ 3 ሚሊሜትር። «3 ሚሊ ደግሞ ምንድን ናት?» የሚል አይጠፋም። ሞዴሉ አንድ ሃያ አምስተኛ ነው። በእውነተኛው መኪና ላይ 7 ሴንቲ ተኩል ማለት ነው። ጎማው ከአስፋልት 7 ሴንቲ ተኩል ተንሳፎ የሚሮጥ መኪና ማን ይነዳል?

ሮል ኬጁ፣ መኪናው ቢገለበጥ ሹፌሩን የሚጠብቀው የዘንግ አጥር፣ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። የሹፌሩ ወንበር ላይ ደግሞ አረፋ ሞልቶበታል። ዓይኑ የበዛ እንጀራ ያምራል። ዓይን ያወጣ ሬዚን ግን ከቀለም በታች ሁሉ ያስታውቃል። ሁለቱን ፈሳሽ ቀላቅለህ የሲሊኮን ሻጋታ ውስጥ ስታፈሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይጠጥራል። ውስጡ የቀረው አየር እዚያው ይታሰራል። ሥራውን የሚያከብር ሰው በአየር ግፊት አረፋውን ያጠፋዋል። ይሄኛው ሰውዬ እንደ አተላ ደፍቶት ነው የሄደው።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ ልኩ ነው። የ1962ቱ ትልቁ ሸቭሮሌት ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 119 ኢንች ነው። ለ25 ስታካፍለው 12 ሴንቲ ከ1 ሚሊ ይመጣል። የኔው 2 ሚሊ ያንሳል። የፊቱን ጎማ ፓራፋንጎው ሥር መሃል ላይ ካስቀመጥኩት የኋላው ወደ ፊት ይሸሻል። ሬዚን ሲደርቅ ትንሽ ይሰበሰባል። አንዱ የሌላውን ሥራ ገዝቶ፣ ሻጋታ አውጥቶበት፣ መልሶ ቢያፈስ ኮፒው ከዋናው ያንሳል። የኮፒው ኮፒ ደግሞ ይብስበታል። ይህቺ ዕቃ መጀመሪያ የማን ልፋት እንደነበረች እግዜር ይወቅ።

እሺ። ዛሬ ይህቺን ዕቃ ሠርቶ የሸጠልኝ ሰውዬ የሞዴል ባዛር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቷል ሲባል ሰማሁ። የቅዳሜ ሥራዬን ትቼ ሁለት ሰዓት ነድቼ ሄድኩ። ቅዳሜ ለታክሲ ሰው ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ዕቃዋን በጥጥ ጠቅልዬ፣ ካሊፐሬን፣ ሚሊ መለኪያዬን፣ ኪሴ ከትቼ፣ በትሕትና ቆምኩለት። ሲጨዋወት ቆየ። እኔ ጠበቅኩ። ሳጥኑን ስከፍት ገና ሻንሲውን ሳያይ እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝና፦

«ለልጅህ ነው?» አለኝ።

ለልጅህ ነው? 46 ዓመቴ ነው። ጺሜ ሸብቷል። «ለራሴ ነው» አልኩት። ካሊፐሩን አውጥቼ ልኩን አሳየሁት። መስታወት ላይ አስቀምጬ የተንጠለጠለውን ጎን አሳየሁት። አላየም። እጁን እንኳ አልዘረጋም። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አጠገቡ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ አድርጎ፦

«ወዳጄ፣ ሬዚን ለጀማሪ አይሆንም። እዚያ ማዶ ጠረጴዛ ላይ ጠቅ ጠቅ እያሉ የሚገጣጠሙ አሉ። ሙጫም አይፈልጉም።»

ሁለት ሰዎች ሳቁ። ሳቃቸው እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው።

«19 ዓመት ሠርቻለሁ» አልኩት። ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ለራሴ ይሰማኛል። እንግሊዝኛዬ ስናደድ እግሩ ይሰበራል፣ ታውቁኛላችሁ። «ከኔ ዘንድ ሲወጣ ቀጥ ያለ ነበር» አለ። «ሙቀት ነው ያጣመመው። መኪና ውስጥ ትተኸው ይሆናል።» ከዚያ ደረቴ ላይ የረሳሁትን የታክሲ ባጅ አየና «አሃ፣ የታክሲ ሹፌር ነህ። ታክሲው ውስጥ አስቀምጠኸው ነዋ» አለኝ። በቃ፣ ነገሩ ተፈታለት። ጥፋተኛው ተገኘ። በመጨረሻም «ከዚያ ማዶ የሚሆንህን ውሰድ፣ ጓደኛዬ ነው፣ 5 ዶላር ይቀንስልሃል» ብሎ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ።

አምስት ዶላር!

ሶማሌ ተራ ያደገ ሰው ነኝ እኔ። አባቴ ላሜራ ቀጥቃጭ ነበር። ሶማሌ ተራ የማይገጥም ፓራውልት ቢሸጥልህ ተመልሰህ ትሄዳለህ፣ ትጮሃለህ፣ ይጮሁብሃል፣ ሻይ ይታዘዛል፣ በመጨረሻ ሌላ ይሰጥሃል። ቢያንስ ዕቃውን በእጁ ይይዘዋል። ቢያንስ «እስቲ አምጣው» ይላል። ይሄ ሰውዬ እኮ አልነካውም! የገዛ እጁን ሥራ አልነካውም።

አሁን መኪና ውስጥ ስመለስ የመጣልኝን መልስ ልንገራችሁ። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው፣ መልሱ የሚመጣው ጠቡ ካለቀ በኋላ ነው። «ወንድሜ» ልለው ይገባ ነበር፣ «የምሠራው መኪና የማን እንደሆነ ታውቃለህ? የታክሲ ሹፌር መኪና ነው።»

ነው እኮ! 34 ቁጥር። ዌንደል ስኮት። የዚሁ የኛ የቨርጂኒያ ሰው፣ የዳንቪል ልጅ። ታክሲ ይነዳ ነበር። ሌሊት ሌሊት ደግሞ በድብቅ የተጣለ አረቄ ያመላልስ ነበር፣ ፖሊስ ማምለጥ ነው መንዳት ያስተማረው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር ሠራዊት መካኒክ ነበር። ጥቁር ሰው በማይፈለግበት ናስካር፣ በአሜሪካ የመኪና ውድድር፣ ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ራሱ እየፈታ፣ ልጆቹን ረዳት አድርጎ፣ ሌሎች የጣሉትን ጎማ እየገጠመ ሮጠ። በትልቁ ውድድር 495 ጊዜ ተሰልፏል። 147 ጊዜ ከአሥሩ አንዱ ሆኖ ጨርሷል።

በዚያ ትልቁ ውድድር ያሸነፈው አንድ ጊዜ ነው። እሷንም ቀሟት። ዲሴምበር 1 ቀን 1963፣ ጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ። ውድድሩ 200 ዙር ነው። እሱ 202 ዙር ሄደ፣ ባንዲራ የሚያወርድለት ስላጣ። አሸናፊ ተብሎ የተጠራው ሌላው ተወዳዳሪ ባክ ቤከር ነው። ዋንጫውን ተቀበለ፣ ፎቶ ተነሣ። ሕዝቡ ወደ ቤቱ ከተበተነ በኋላ፣ ከሰዓታት በኋላ፣ «ይቅርታ፣ የቆጠራ ስህተት ነው፣ ያሸነፍከው አንተ ነህ» ተባለ። ዋንጫው ግን ሄዷል። ስኮት በ1990 ሞተ። ቤተሰቡ ዋንጫ የተሰጠው በ2021 ነው። 58 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወር ሲቀረው! ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ዛሬ ደግሞ በእጥፍ ፈላ።

እኔን ከሱ ጋር ማወዳደሬ አይደለም። የሱ ሌላ ነው። ግን ለምን ይሄን መኪና እንደምሠራ ትጠይቁኝ ነበር፣ ለዚህ ነው። በሱቁ ሁሉ የታዋቂዎቹ መኪና በየዓይነቱ ተደርድሯል። ይህቺን ሰማያዊ ሸቭሮሌት የምፈልግ ሰው ግን ተራውን የ1962 ኪት፣ የሚገጣጠመውን ሞዴል፣ ገዝቼ፣ ወደ ውድድር መኪና የሚቀይረውን የሬዚን መለወጫ ፈልጌ፣ ቁጥሩን ለብቻው አሳትሜ፣ ከሦስት ቦታ ለቃቅሜ ነው የምሠራው። ኮፈኑን ከአንዱ፣ ቸርኬውን ከሌላው። እሱስ መኪናውን እንደዚያ ለቃቅሞ አልነበር የሠራው?

ደግሞ መጫወቻ የምትባለው ነገር! ዛሬ አይደለም የጀመረው። ፋሲካ ላይ የባለቤቴ አጎት ቤት መጡ። መደርደሪያው ላይ ያለችውን የተንደርበርድ መኪና ሞዴሌን አነሷት። ሰባት ወር የፈጀችውን። ቀለሟን ስምንት ጊዜ ነው የቀባሁት፣ እያንዳንዱን ሽፋን በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያሸሁ። «ልጄ፣ ደህና መጫወቻ ገዝተሃል» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሠርቻት ነው» አልኳቸው። «አይ፣ በርታ» አሉና ለልጅ ልጃቸው ሰጡት! ልጁ ምንጣፉ ላይ ቩ… ቩ… እያለ ነዳት። የጎን መስተዋቷ የት እንደገባ እስከዛሬ አልተገኘም። ምን ትላለህ? ትልቅ ሰው ናቸው። ዶሮ ወጡን እያላመጥኩ እንባዬን ዋጥኩ። ባለቤቴ ጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘችኝ። እሷ ታውቃለች። «ስንት ወጣበት?» ብላ ብትጨቀጭቀኝም ሌሊት ቡና ይዛልኝ የምትወርደው እሷ ናት።

ልጆች ሆነን የሽቦ መኪና ያልሠራ ማን አለ? የሰርዲን ቆርቆሮ አካል፣ የቆርኪ ጎማ፣ ረጅም የሽቦ መሪ። ያኔ ደህና አድርጎ የሚሠራ ልጅ በሰፈሩ ይከበር ነበር። «እስቲ አሳየን» ይባል ነበር። ትልልቆቹ ጋራዥ ሠራተኞች ሳይቀሩ ቆመው ያዩልን ነበር። አንዱ የአባቴ ጓደኛ የኔን አገላብጦ አይቶ «የኋላው አክስል ጠሟል፣ እንደገና ሥራው» ብሎኛል። ሰባት ዓመቴ ነበር። ያ ሰውዬ ሰባት ዓመት ልጅን እንደ ባለሙያ አናገረ። የዛሬው 46 ዓመት ሰውን እንደ ሕፃን አናገረ። ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ገንዘቡ አይደለም። እሺ፣ ገንዘቡም ነው፣ 65 ዶላር ከሰማይ አይወርድም። ግን ይሄ ነው።

ብዙ ሰው ደግሞ ሥራው ሙጫ ቀብቶ ማጣበቅ ይመስለዋል። የፕላስቲክ ሙጫ ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው የሚያያይዘው፣ ሬዚንን አይነካውም። በሱፐር ግሉ ነው፣ ወይ በኢፖክሲ። ሱፐር ግሉ ከሳትክ ሳትክ፣ ሁለተኛ ዕድል የለም። ከዚያ በፊት ዕቃውን ሁሉ በሳህን ሳሙና ማጠብ አለብህ፣ የሻጋታው ቅባት ካልለቀቀ ቀለሙ እንደ ቆዳ ይላጣል። ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ስለሆነ በውሃ ታሸዋለህ፣ ማስክ ታደርጋለህ። አረፋውን አንድ በአንድ በመርፌ ትከፍታለህ፣ ስቱኮ ትሞላለህ፣ ታሸዋለህ። ትናንት ማታ ወንበሩ ላይ ብቻ 31 ቆጥሬያለሁ። ወንበሩ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ይሄን የሚሠራ ሰው ጠቅ ጠቅ ወደሚለው ጠረጴዛ ይላካል?

«ለምን ኩባንያውን አትከስም?» ትሉኛላችሁ። የምን ኩባንያ? ጋራዡ ውስጥ የሚሠራ አንድ ሰው ነው። ሁለት ኢሜይል ላክኩለት፣ መልስ የለም። የከፈልኩበት ጊዜ ስላለፈ ባንኩም አይመልስልኝም። አምስት ወር ያስጠበቀኝ ለዚህ ይሁን አይሁን እንጃ፣ ብቻ ቀኑ አልፏል። ዕቃዋንም ባስቀምጣት ሌላ የሚሸጣት አላገኘሁም። ስለዚህ ተናድጄም፣ ተሰድቤም፣ ይህችኑ መሥራቴ ነው። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ሻንሲውን ማታ ሙቅ ውሃ ውስጥ እከተዋለሁ። የፈላ ሳይሆን ሙቅ። ሲለሰልስ መስታወቱ ላይ ቀጥ አድርጌ ይዤ ቀዝቃዛ ውሃ እለቅበታለሁ። ባለቤቴ፣ ይሄን ካነበብሽ፣ ድስቱ የኔው አሮጌ ድስት ነው፣ የሽሮውን አልነካሁም። የጎደለውን 2 ሚሊ ደግሞ ሻንሲውን መሃል ላይ በመጋዝ ቆርጬ፣ ፕላስቲክ አስገብቼ እሞላዋለሁ። ሮል ኬጁን ግን ጣልኩት። ከዜሮ ራሴ እሠራዋለሁ።

ለሱ የ1.8 ሚሊ ክብ የፕላስቲክ ዘንግ ያስፈልገኛል፣ ሁለት ሜትር ያህል። ሱቁ ውስጥ አልቋል፣ ጠይቄያለሁ። ከእናንተ የተረፈው ካለ ይደውልልኝ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ነኝ፣ ስልክ አነሳለሁ።