የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ማስኮት ሚሻ አይደለም

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ብዙዎቻችሁ «የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ማስኮት የሞስኮው ድብ ሚሻ ነው» ስትሉ አየሁ (ማስኮት ማለት ውድድሩን የሚወክል የእንስሳ ወይም የሌላ ገጸ ባሕርይ ምስል ነው)። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ1980 በመዝጊያው ምሽት ትልቁ ሚሻ በፊኛዎች ተንሳፎ ከስታዲየሙ ሲወጣ ያየ ሰው አይረሳውም። ለእኛ ደግሞ ምሩጽ ይፍጠር በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ያጠለቀበት ኦሎምፒክ ነው።

ነገር ግን የመጀመሪያው ይፋዊ ማስኮት የ1972ቱ የሙኒክ ውሻ ዋልዲ ነው። ዋልዲ እግሩ አጭር፣ ወገቡ ረጅም ዳክስሁንድ ሲሆን ራሱና ጅራቱ ውሃ ሰማያዊ፣ ሆዱና ጀርባው በደማቅ ቀለማት የተሸነሸነ ነው። ከእሱ በፊት በ1968ቱ የግሬኖብል ክረምት ኦሎምፒክ ሹስ የሚባል በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ምስል ነበር፤ እሱ ግን ይፋዊ አልነበረም።

ይህን ዝም ብዬ ማለፍ ያልፈለግኩት ዋልዲ ሲረሳ የራሳችን ታሪክም አብሮ ስለሚደበዝዝ ነው። የሙኒክ ማራቶን መስመር የተቀየሰው የዋልዲን ቅርጽ እንዲይዝ ተደርጎ ነበር፤ ሯጮቹ የውሻውን ምስል በእግራቸው ዞሩት ማለት ነው። ማሞ ወልዴ ነሐስ ያገኘው በዚያ መስመር ላይ ሮጦ ነው!

ማጣራት ለሚፈልግ በዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ድረ ገጽ የእያንዳንዱ ኦሎምፒክ ማስኮት በየዓመቱ ተቀምጧል፤ የሙኒክን ይክፈት። ከዚያ የ1972ቱን የማራቶን ካርታ ፈልጎ ከዋልዲ ምስል ጎን ያስቀምጠው።