ዳስ እንጂ ሐውልት አልጠየቅንም

ሰሞኑን የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከዝናብ እንዲከልል ስለሚሠራው መጠለያ በተደረገ አንድ ውይይት ላይ ተቀምጬ ነበር። አንድ ወጣት አርክቴክት ተነሣና የቤተ ማርያምን ግቢ የሚሸፍን አዲስ ጣራ በስክሪን አሳየን። የካህናት ጥላ ሲዘረጋ የሚመስል፣ እሱም «ከጥላ የተወሰደ» ያለው፣ ጥምዝምዝ ያለ፣ ወርቅማ ነገር ነው። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «መጠለያው ራሱ ቅርጻ ቅርጽ መሆን አለበት። ቱሪስቱ እሱንም ለማየት ይምጣ።» አዳራሹ አጨበጨበ። የእኔ ደም ፈላ።

ሥዕሉን ልንገራችሁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። አንዲት ፈረንጅ ቦርሳዋን አዝላ አንጋጣ ጣራውን ታያለች። ባልና ሚስት ሰልፊ ይነሳሉ። ቄስ የለም። ነጠላዋን አጣፍታ የቆመች እናት የለችም። ግድግዳ የሚሳለም አንድ ሰው እንኳ የለም። ቤተ ማርያም ከታች፣ ጥላው ውስጥ፣ እንደ ተረሳ ዕቃ ቁጭ ብላለች። ጣራው የተሳለው ለማን እንደሆነ ሥዕሉ ራሱ ይናገራል።

መጀመሪያ ቀላሉን ክርክር ልጨርስ። «ፓሪስም በሉቭር ፒራሚድ ጮኾ ጮኾ ለመደው» ተባለ። ይቺ ነገር በየስብሰባው ትመጣለች፤ ሰለቸችን። እ.ኤ.አ. በ1989 የተከፈተው የሉቭር ፒራሚድ እኮ በር ነው። ሕዝብ ወደ ሙዚየሙ የሚገባበት የመስታወት በር። ቤተ መንግሥቱን አልሸፈነም፤ ግቢው መሀል ቆሟል፣ ሰማዩም እንዳለ አለ። «የብሪቲሽ ሙዚየምስ?» ያለም ነበር። እሺ፣ የዚያ ግቢ እ.ኤ.አ. በ2000 በ3,312 መስታወት ተከድኗል፤ ያምራልም። ግን ሰው ቡና ሊጠጣ የሚገባበት ግቢ ነው። ጾሞ፣ ጫማውን አውልቆ የሚገባበት አይደለም።

ደግሞስ «ይለመዳል» ማለት ምን ማለት ነው? ላሊበላ ለመልመድ ጊዜ ተሰጥቶት ነበር። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠሩት መጠለያዎች በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆሙ። አሥር ዓመት አለፈ። በ2011 መጀመሪያ የከተማው ሰው «አንሱልን» ብሎ አደባባይ ወጣ። በአሥር ዓመት ያልለመደውን ወርቅ ስለተቀባ ይለምደዋል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ላሊበላ ላይ ሰው ቤት አልሠራም፤ ግቢ ነው የሠራው። ሌላ ቦታ መጀመሪያ ግድግዳ ይቆማል፣ ግቢው የተረፈው መሬት ነው። እዚያ ግን ጠራቢዎቹ ከላይ ጀምረው ወደ ታች ወረዱ። ያወጡት አለት ግቢ ሆነ፣ የተዉት አለት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ስለዚህ ግቢው «ክፍት ቦታ» አይደለም። የጥበቡ ግማሽ እሱ ነው። ቤተ መድኃኔ ዓለምን ዙሩ። ርዝመቱ 33 ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ትከሻችሁ በኩል ግድግዳው፣ በሌላው በኩል የተቆረጠው አለት። ቀና ስትሉ በሁለቱ መሀል ቀጭን የሰማይ መንገድ መታየት ነበረበት። ያንን ሰማይ በመሮ ፈልፍለው ነው ያወረዱት! ዛሬ ቀና ስትሉ የሚታያችሁ የብረት ምሰሶና የተወጠረ ሽፋን ነው።

ገና ሲደርስ ቤተ ማርያም ሂዱ። ካህናቱ ግማሾቹ በግቢው አናት፣ ማሜ ጋራ ላይ ይሰለፋሉ። ግማሾቹ ከታች ናቸው። ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከበሮው እየተመታ፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ «ቤዛ ኵሉ ዓለም ዮም ተወልደ» ይላሉ። የላዮቹ መላእክት ናቸው፣ የታቾቹ እረኞች። ሰማይና ምድር ታረቁ ነው ነገሩ። ወጣቱ ዲዛይነራችን እዚህ መሀል ገብቶ ምን ሊጨምር ነው? መላእክቱ የቆሙበት ቦታ ላይ ኮርኒስ?

ቅርጻ ቅርጽ ከተባለ ቅርጹ ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ተጠርቦ አልቋል። ሁለተኛ ቀራጺ አልተጠራም። «ከጥላ የተወሰደ» የሚለውማ ይባስ አስቆኛል። ጥላ እኮ ታቦቱ ሲወጣ ይዘረጋል፣ ሲገባ ይታጠፋል። በሰው እጅ ነው የሚያዘው። አርባ ቶን ብረት በኮንክሪት ተክሎ «ጥላ ነው» ማለት አይቻልም። እኛ ለዚህ ነገር ቃል አለን፦ ዳስ። ለሠርግ ይጣላል፣ ለለቅሶ ይጣላል፣ ነገሩ ሲያልቅ ይነሳል። ዳሱ አማረ ተብሎ የተዳረችውን ልጅ የረሳ ሰፈር አላውቅም። የአሁኖቹም መጠለያዎች «ጊዜያዊ» ተብለው ነው የመጡት። ዳስ መስሎን ተቀበልናቸው፤ ባለ ርስት ሆነው ቀሩ።

ዝናቡ ድንጋዩን አይበላም አላልኩም። ይበላል። ስንጥቁን ያየ ሰው ይህን አይክድም። ግን ላሊበላን የጎዳው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ በየዘመኑ «መፍትሔ አለኝ» ብሎ የሚመጣ ሰውም ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቤተ ክርስቲያናቱ ሬንጅ ተለቅልቀው ቀይ ተቀብተው ነበር። ያን ጊዜ ዘመናዊ ጥበቃ እሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የጣሊያናዊው አርክቴክት የሳንድሮ አንጀሊኒ ቡድን መጥቶ ያንኑ ሲልጥ ከረመ። አሁን የሚጠረጠረው የመጠለያው ክብደት ነው። የምሰሶው እግር ያረፈው ሌላ ቦታ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያኑ በተጠረበበት በዚያው አለት ላይ ነው። ነፋስ ጣራውን በነቀነቀ ቁጥር ከሥሩ ያሉት ቄስ ልባቸው አብሮ ይነቀነቃል።

ቤተ ጊዮርጊስ መጠለያ የለውም። ቆሟል። «የእሱ አለት ይለያል» ይሉኛል ባለሙያዎቹ። ይለይ። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልም የተጠገነው የአገሬው ሙያተኞች እየሠለጠኑ፣ ስንጥቁ እየተሞላ፣ ጣሪያው ውኃ እንዳያስገባ እየተደረገ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ሳይሰቀልበት። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። የውኃ መውረጃ ቦይ መጥረግ ሽልማት አያስገኝም። ስክሪን ላይ ቢያሳዩትም የሚያጨበጭብ የለም። እኔ ግን ከአሥር ወርቃማ ጣራ አንድ የተጠረገ ቦይ ይሻለኛል።

የግድ ጣራ ይሠራ ከተባለ፣ የሚሸፍነው ክረምቱን ይሁን፤ ጥቅምት ሲገባ ይታጠፍ፤ ገና ላይ ሰማዩ ይከፈት። ውሉ ላይም የሚነሳበት ቀንና የሚያነሳው ሰው ስም ይጻፍ። ከዚያ የዲዛይን ውድድሩን ክፈቱትና ስንት ሰው እንደሚመዘገብ እንይ።