የሁላችን ፓስወርድ በአንድ ስክሪን ላይ

ኮዬ ፈጬ ያለው የቁጠባና ብድር ማኅበራችን ባለፈው እሑድ ስብሰባ ተቀምጦ ነበር። የሠራተኞችና የአባላት ፓስወርድ ደካማ ይሁን ጠንካራ የሚፈትሽ ፕሮግራም እንዲገባ ተወሰነ። እስከዚህ ጥሩ። ፕሮግራሙ ግን በማውስ ብቻ የሚሠራ፣ ባለ መስኮት ነው ተባለ። ሰብሳቢውም «ባለሙያ መጥራት ቀረ፤ ከእንግዲህ ማንኛችንም ጠቅ እናደርገዋለን» አሉ። ቤቱ አጨበጨበ። እኔ ደሜ ፈላ።

ማንኛችንም! ችግሩ እኮ እሱ ነው። ይህ ፕሮግራም የሚፈትሸው በመስበር ነው። ሃሹን፣ ማለትም ፓስወርዱ ተቀይሮ የሚቀመጥበትን ኮድ፣ ይወስዳል፣ ሰው ይመርጣቸዋል የሚባሉ ቃላትን አንድ በአንድ ይሞክራል፣ ሲገጥምለት ፓስወርዱን ራሱን ያወጣዋል። ሌባም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

«ትእዛዝ መጻፍ ሰው ስለሚያስፈራ ነው ፍተሻው የሚቀረው» ይሉናል። ውሸት ነው። ጆን ዘ ሪፐር የሚባለው የፓስወርድ መስበሪያ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በኪቦርድ በሚጻፍ ትእዛዝ ሲሠራ ኖሯል። መሠረታዊ ትእዛዞቹን ለመልመድ ሁለት ቀን ይበቃል። ሁለት ቀን ቁጭ ብሎ መማር የከበደው ሰው የሁላችንን ቁልፍ ለምን ይይዛል?

ጆኒ የሚባለውን የጆን ዘ ሪፐርን ባለ መስኮት ገጽታ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ሰንጠረዥ ነው። የተጠቃሚው ስም በአንድ በኩል፣ የተሰበረው ፓስወርድ በሌላ በኩል፣ ፍጥጥ ብሎ። ይህ ሰንጠረዥ የሚከፈተው የት ነው? እኛ ቢሮ። እኛ ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ አንድ ነው፤ ገንዘብ ሊያስገባ የመጣ ሁሉ ስክሪኑን ያየዋል። ሥራው ሰዓታት ስለሚፈጅ ሌሊቱን ሲሠራ ያድራል። ጠዋት ቀድሞ በሩን የከፈተ ሰው በስልኩ አንድ ፎቶ ካነሳ አለቀ። ፕሪንተር እምቢ ባለ ቁጥር ኮምፒውተሩን ከሩቅ ሆኖ በአኒዴስክ ፕሮግራም የሚገባበት ልጅም ያየዋል። አብዛኛው ሰው ደግሞ ያለው አንድ ፓስወርድ ነው፤ ኢሜይሉም፣ ፌስቡኩም፣ ማኅበሩም በእሱ ነው የሚከፈተው። አንዴ የወጣ ፓስወርድ ተመልሶ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ ከሚባል ድርጅት የተሰረቁት ከ32 ሚሊዮን በላይ ፓስወርዶች እስከ ዛሬ ድረስ የመስበሪያ መዝገበ ቃላት ሆነው ያገለግላሉ።

ትእዛዝ የሚጻፍበት ተርሚናሉም ቢሆን ፓስወርዱን ያሳያል፤ ፋይል ላይም ያስቀምጣል። ልክ ነው። ግን በተርሚናል የሚሠራ ሰው ያ ፋይል የት እንዳለ ያውቃል፤ ሲጨርስ ያጠፋዋል። ጠቅ አድርጎ የሚሄደው ሰው እንዲህ ያለ ፋይል መኖሩንም አያውቅም።

ሌላው ቢቀር ፕሮግራሙ በፍላሽ የመጣ ነው። ከማን ተቀዳ ብዬ ጠየቅኩ። የመለሰልኝ የለም። የአባላትን ሃሽ በሙሉ ማን እንደነካካው ለማናውቀው ፕሮግራም ልናጎርሰው ነው ማለት ነው።

ቃለ ጉባኤው ላይ አልፈረምኩም። ፍተሻውን የሚሠራው ሰው ማን እንደሆነ፣ ኢንተርኔት የሌለው የትኛው ኮምፒውተር ላይ እንደሚሠራ፣ ውጤቱም በየትኛው ቀን እንደሚጠፋ እስኪጻፍበት ድረስ አልፈርምም።