«ማን አለበት?» ለሚለው ሕዝብ የቀረበ ውዳሴ

ስለ ታሪክ አወቃቀር፣ ስለ ካሜራ፣ ስለ መብራት ሲከራከሩ የሚያመሹ የፊልም ሰዎች አሉ። አንጀቴን ይበሉታል። የእኛ ተመልካች ይህን ሁሉ ጣጣ በሁለት ቃል ገላግሎታል። «ማን አለበት?» ይላል። የሚወደው ልጅ ካለበት ይገባል። ከሌለበት ማኪያቶውን ጠጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አለቀ።

ፍርዱ ፈጣን ነው፤ ይግባኝም የለውም። ቲኬት መስኮት ላይ «ደራሲው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ወይ የደራሲው ወንድም ነው፣ ወይ ለደራሲው ገንዘብ አበድሯል።

ፊልሙ የፍቅር ኮሜዲ ከሆነማ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ነውር ነው። ምን ይጠየቃል? ታሪኩን እናውቀዋለን። መጨረሻውን እናውቀዋለን። ሶፋውን ሳይቀር እናውቀዋለን። ባለፈው ፊልም የልጅቷ አባት ቤት ነበር፤ አሁን የልጁ አለቃ ቤት ገብቷል። የማናውቀው ነገር ቢኖር ልጁን ዘንድሮ ማን እንደሚሠራው ነው። እሱን ደግሞ ፖስተሩ ይነግረናል። ጀርባው ነጭ ነው። ወንዱ ትከሻውን ሰብቆ፣ ሴቷ እጇን አጣምራ፣ ጀርባ ለጀርባ ቆመዋል። ከመሐላቸው አንድ ዓይኑ የፈጠጠ ጓደኛ አንገቱን አስግጓል። ዓይኑ የፈጠጠው ፊልሙ እንደሚያስቅ እንድናውቅ ነው። ርዕሱን ማተም ቢረሱት እንኳ ልብ የሚል የለም።

አመሉ የቆየ ሳይሆን አይቀርም። በ1957 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም ሲሠራ ርዕሱ «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ነበር። ያኔ የሚጠየቀው አባቷ ነበር። ዛሬ አባቷ የታወቀ ነው። ቦሌ ፎቅ ያለው፣ ሳሎኑ ውስጥ ከረባት አስሮ ውስኪ የሚጠጣ ባለሀብት ነው። (ማን ቤቱ ውስጥ ከረባት አስሮ ይቀመጣል? የፍቅር ኮሜዲ አባት ይቀመጣል።) የሚተዳደርበት ሥራ «ካምፓኒ» ይባላል። ካምፓኒው ምን እንደሚሠራ ግን እስከ ፊልሙ መጨረሻ አይታወቅም።

ፊልሞቻችን በቪዲዮ ካሜራ እየተቀረጹ ሲኒማ ቤት መግባት ከጀመሩ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ መሆኑ ነው፣ ይህ ሕዝብ ያሳየው ጽናት ሐውልት ይገባዋል። በአምባሳደር፣ በሰባስቶፖል፣ በዓለም ሲኒማ፣ በኤድና ሞል ደጃፍ የቅዳሜና የእሁዱን ሰልፍ ያየ ያውቀዋል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ለአንድ ወንበር የሚተናነቅ ሰው እዚህ ሲደርስ ጨዋ ይሆናል። ሰለሞን ቦጋለ አለበት፣ ግሩም ኤርሚያስ አለበት፣ አማኑኤል ሀብታሙ አለበት፣ ማህደር አሰፋ አለችበት፣ ሰላም ተስፋዬ አለችበት። ስም ተጠራ፣ ጉዳዩ ተዘጋ። ጎበዝ ተዋንያን ናቸው፤ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም። ጎበዝነታቸውን ያወቅነው ግን በአጋጣሚ ነው። እኛ የገባነው ለፈገግታቸው ነበር።

ፕሮዲውሰሩም ይህን አመላችንን አጥንቶ ይኖራል። ለፍቅር ኮሜዲ የሚያስፈልገው ሁለት የሚያምሩ ልጆች፣ አንድ ቪላ፣ አንድ ካፌና ከወዳጅ የተለመነ መኪና ነው። የጦር ሜዳ የለ፣ የድሮ ልብስ የለ፣ ፈረስ የለ። ፈቃድ ሰጪውም ራሱን አያመውም፤ ልጅ ልጅቷን ስለወደደ የሚከፋው መሥሪያ ቤት የለም። ከበጀቱ ዳጎስ ያለው ለመሪ ተዋናዩ ይሰጥና የተረፈው ለስክሪፕት ይሆናል። ካልተረፈም ችግር የለም። ስክሪፕቱ ባለፈው ዓመት ተጽፏል።

እሱም እንዲህ ይላል። ልጁ ድሀ ነው፤ ሀብታም መስሎ ይቀርባታል። ወይም ሀብታም ነው፤ ሹፌር መስሎ ይቀርባታል። ከጓደኞቹ ጋር ውርርድ ገብቶ ሊሆንም ይችላል። ከዚያ የእውነት ይይዘዋል። እሷ ውሸቱን የምትደርስበት በልደቷ ቀን፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ነው። በጥፊ ትለዋለች። ታለቅሳለች፤ ኩሏ ግን ንቅንቅ አይልም። ከዚያ አንድ ሙሉ ዘፈን ይለቀቃል። ከመጀመሪያው አዝማች እስከ መጨረሻው፣ አንድ ስንኝ ሳይጎድል። ልጁ ላንጋኖ ዳር ጠጠር ይወረውራል፤ እሷ መስኮት ዳር ስልኳን ታያለች። መጨረሻ ላይ ቦሌ አየር ማረፊያ ሲሮጥ ይደርስባታል። እኛ ዘመድ ስንሸኝ ከበሩ አናልፍም፤ እሱ ያለ ቲኬት፣ ያለ ፓስፖርት፣ ያለ ፍተሻ ሻንጣዋን ይቀበላታል። ጥበቃዎቹም ያጨበጭባሉ።

ተመልካቹ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ያያል። በየመሐሉ «ዞር በል ከኋላህ ናት!» እያለ ልጁን ይረዳዋል። ልጅቷ ባለፈው ፊልም ላይም ከኋላው ነበረች፤ እሱ አልሰማም። ሕዝቡ ግን ተስፋ አይቆርጥም።

የመሪ ተዋናዩ ልፋት ደግሞ ሊረሳ አይገባም። አንዳንድ ሰሞን በአንድ ቅዳሜ ሦስት ሲኒማ ቤት ውስጥ በሦስት ስም ሦስት ልጆች ያፈቅራል። ጸጉሩን እንኳ ለመቀየር ፋታ አላገኘም። ሰፈራችን ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ ጎረምሳ ቢኖር እናቶች ስሙን ጠርተው ይረግሙት ነበር። እሱን ግን ከሦስቱም ጋር በየተራ መርቀን ድረናል።

ምርቃቱ በፊልሙ ቢያበቃ ምንም አልነበረም። የሕዝባችን ትልቁ ተሰጥኦ ከአዳራሹ ሲወጣ ነው የሚጀምረው። ሁለቱ ተዋንያን እውነተኛ ሕይወት ውስጥ መጋባት አለባቸው። ለምን? ያምርባቸዋላ። እሷ ባል ቢኖራት፣ እሱ ልጆች ቢኖሩት፣ ይህ የግል ጉዳያቸው ነው፤ ትልቁን አገራዊ ፍላጎት ሊያደናቅፍ አይገባም። ቃለ መጠይቅ ላይ ጋዜጠኛው ተዋናይዋን ስለ ትወና ሁለት ጥያቄ ይጠይቃታል። ሁለቱም ማሟሟቂያ ናቸው። ሦስተኛው ላይ ፈገግ ይልና ወንበሩን ጠጋ ያደርጋል። «ሕዝቡ ማወቅ የሚፈልገው ነገር አለ» ይላል። ሕዝቡ ማወቅ የሚፈልገው ምን እንደሆነ እሷም ታውቀዋለች፣ ካሜራማኑም ያውቀዋል። «እንደ ወንድሜ ነው» ትላለች። በነጋታው ዩቲዩብ ላይ ይህች መልስ «ጉዱ ወጣ!» ተብላ ቀይ ቀስት ተስሎባት ትጠብቃታለች።

ሽማግሌ ልከን አናውቅም ማለት አይቻልም። አስተያየት መስጫው ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ ሽማግሌ ነው። «ስትግባቡ ደስ ስትሉ፣ ምን አለ የእውነት ብታደርጉት» ይላል አንዱ። ሌላዋ «የእኔ ቆንጆዎች፣ ጌታ ያጣምራችሁ» ብላ ታሳርጋለች። በሥዕል ስድስት ልብ ታክልበታለች። የተዋናይዋ ባል ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው የሚጠይቅ ግን አላየሁም። እሱ ፊልሙ ላይ የለበትማ።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን መጥቶ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ሲያሰማን ይህ ፍቅር ድንበር ተሻገረ። በኢስታንቡሉ ልጅ ያልታመመ ቤት የለም። በአማርኛ እየተናገረ ልባችንን የሰረቀው ግን የእኛው ሰው ነበር። ድምፁን ያዋሰው ልጅ ታክሲ ውስጥ አጠገባችን ቢቀመጥ «ጠጋ በልልኝ» ከማለት ውጪ የምንለው አልነበረንም።

ከበድ ያለ ፊልም አንወድም የሚለን ካለ ስም እያጠፋ ነው። እንዲያውም በጣም እንኮራበታለን። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ2001 ዓ.ም. ዋጋዱጉ ላይ በ«ጤዛ» ትልቁን የአፍሪካ የፊልም ሽልማት ሲወስዱ ኮርተናል። በ2007 ዓ.ም. የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ካን ፌስቲቫል ላይ ሲመረጥ ደግመን ኮርተናል። መኩራት በነጻ ነው፤ መግባት ግን በብር ነው። «ላምብ» ላይ ማን አለበት? አንድ ሕፃን ልጅና አንድ በግ። በግ ከሆነ ፋሲካ ይምጣ።

የፊልም ሽልማታችንስ? ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው «ጉማ» ስሙን ያገኘው ሚሼል ፓፓታኪስ በ1960ዎቹ ስለ ደም ካሣ ከሠሩት ፊልም ነው። ያ ፊልም ዛሬ ቢሠራ ገዳዩና የሟች እህት ካፌ ውስጥ ይጋጫሉ፤ ማኪያቶው ሸሚዙ ላይ ይደፋል፤ አስታራቂ ሽማግሌው ደግሞ ዓይኑ የፈጠጠ ኮሜዲያን ይሆናል። አዳራሹም ይሞላል።

ስለ ሳቁ ካነሳን አንድ ባለውለታ አለች። የቤት ሠራተኛዋ። ከገጠር የመጣች ናት። አነጋገሯ ያስቃል ተብሎ ይታመናል። ፍሪጁን ታንኳኳለች፤ ሪሞቱን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች፤ ጋሼን ከወንበሩ ታስደነብራለች። ደራሲው ቀልድ ሲያልቅበት እሷን ከወጥ ቤት ይጠራታል። ቦሌ ያለው ተመልካች በሳቅ ይንፈራፈራል። እቤቱ ምሳ ሠርታ የምትጠብቀው ልጅም እንደዚሁ ነው የምትናገረው። ግን እሷ ስትናገር አያስቅም፤ ወጡ ካነሰ ብቻ ነው እሱ የሚያዳምጣት።

ሲኒማ ቤቶች በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ተዘግተው ፊልሙ ወደ ዩቲዩብ ሲጎርፍ ታዲያ ታማኙ ተመልካች ማን እንደሆነ ታየ። «ከሪያድ ነኝ፣ ማዳም ስትተኛ ተደብቄ እያየሁ ነው።» «ቤይሩት ያላችሁ እህቶቼ፣ ላይክ አድርጉኝ።» «አረብ አገር ሆኖ ይህን ፊልም እያየ ያለ ማን አለ?» ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ሲያጥቡ የዋሉ ልጆች ናቸው። ሌሊት ስልካቸውን ብርድ ልብስ ውስጥ ከትተው ሀብታሙ ልጅ ድሀዋን ሲያገባ ያያሉ። በሠራተኛዋም ይስቃሉ። ፊልም ሠሪዎቻችን ለዚህ ደግነት ያሰቡላቸውን ምስጋና ግን አልነፈጓቸውም፤ በሚቀጥለው ፊልም ሠራተኛዋ ከአረብ አገር ተመላሽ ትሆናለች። አረብኛ እየቀላቀለች ስታወራ ያስቃል ተብሎ ነው።

የዚህ ሁሉ አክሊል የሆነው አመላችን ግን ሌላ ነው። ከአዳራሹ ስንወጣ ፊታችንን እናጠቁራለን። «የአገራችን ፊልም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው» እንላለን። «ደራሲ የለም እኮ!» ጓደኛችንም ራሱን ይነቀንቃል። «ሁሉም ቀሽም ነው፤ ሙድ ነው የያዙብን።» እየተነጋገርን ቦሌ ድረስ በእግር እንሄዳለን። በሩ ላይ የተለጠፈውን የሚቀጥለውን ሳምንት ፖስተር ያየነው ግን ከትችቱ በፊት ነበር። ቅዳሜ ስንት ሰዓት እንደምንገናኝም ተስማምተናል።

ሰው ግን ለምን ይፈረድበታል? ሳምንቱን ሙሉ ዘይት ጨመረ፣ ታክሲ ጨመረ ሲል የከረመ ሰው ቅዳሜ ማታ ፈታ ማለት ይፈልጋል። ጀግናው ሥራ ሳይኖረው በቀን ሦስቴ ሸሚዝ የሚቀይርበት፣ ነዳጅ ለመቅዳት የማይሰለፍበት፣ ፍቅረኛውን ይዞ ሬስቶራንት ገብቶ ሒሳብ ሳይመጣ የሚወጣበት አገር ማየት ያምረዋል። ያ አገር ደግሞ ከቪዛ ይረክሳል።

አሁን አሁን የሰርጉ ሆታ ገና ሳያልቅ «ክፍል 2 መቼ ነው?» የሚል ጥያቄ መጉረፍ ጀምሯል። ተጋብተዋል፣ አባትየው መርቀዋል፣ ጓደኛው ሠራተኛዋን ጠልፏታል። ምን ቀረ? ሕዝቡ ግን ይጠይቃል፤ ፕሮዲውሰሩም መልስ አያጣም። ይሠራል ማለት ነው። ልጁ እንዳይቀየር ብቻ። እኔም እገባለሁ። ግን አከራያቸው መጥታ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሦስት ሺህ ብር ጨምሩ» የምትልበት ትዕይንት ካለው ቲኬቴን እመልሳለሁ፤ እሱን ቤት አየዋለሁ።